ዘይና ያልተናገረችው

ሦስተኛዋ እንግዳ ሴት ገብታ ምንጣፉ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ የረቢአ ትዕግሥት አለቀ።

ትናንት የተቀበረችው የእሷ እህት ናት፤ የእሷ ዓይን ግን እንደ ደረቀ ነው። ይህች ከባጃጅ ወርዳ በቀጥታ የገባች፣ ስሟን እንኳ የማያውቋት ሴት ትንሰቀሰቃለች። ለቅሶ ቤት ወግ አለው። የመጣ ሰው የማን ወገን እንደሆነ፣ ከሟች ጋር በምን እንደሚተዋወቅ ይናገራል። "ከጨፋ ነኝ፣ የእናቷ የአጎት ልጅ ነኝ" ይላል፤ ሌላው ቢቀር "አብረን ተምረናል" ይላል። ከትናንት ጀምሮ የሚመጡት እነዚህ ሴቶች ግን ያለቅሳሉ፣ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ወጥተው ይሄዳሉ።

ረቢአ ጠጋ ብላ ከዘይና ጋር በምን ይተዋወቁ እንደነበር ጠየቀቻት። ድምፅዋ የሐዘንተኛ አይመስልም፤ ደላላ የምትመረምር ነጋዴ ድምፅ ይመስላል። ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ ቀና አለች።

"እንዲሁ ነው" አለች። "ጥሩ ሰው ነበረች። አላህ በጀነት ይቀበላት።"

ከዚያ የቀረበላትን ንፍሮ ሳትነካ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ረቢአ ከኋላዋ እያየች ጥርሷን ነከሰች።

ጎረቤታቸው ዑሙልኸይር፣ የእናታቸው የዕድሜ ጓደኛ፣ የረቢአን ጉልበት መታ መታ አድርገው "ኦብሲ፣ ኢንተላ ኮ" አሏት። ታገሺ ልጄ ማለታቸው ነው፤ አዛኝ ሲሆኑ አፋቸው ወደ ኦሮምኛው ይሄዳል። ንዴቷን ሐዘን አድርገው አይተውት ነበር። ረቢአ ግን የተናደደችው በሞት አልነበረም። የተናደደችው በሟቿ ነበር።

ዘይና የስምንት ዓመት ታናሿ ናት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገቻት ረቢአ ናት፤ ከሰንበቴ ገበያ ቅቤ እየገዛች ከሚሴ ገበያ እየሸጠች ዩኒቨርሲቲ ያስገባቻትም እሷው ናት። ሐኪም ትሆናለች ብላ ስትጠብቅ ዘይና ሥነ ልቦና ተምራ መጣች። ጤና ጣቢያው ከመድኃኒት መጋዘኑ ጎን ጠባብ ክፍል ሰጣት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መጋረጃ። መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ። ከተማው "የወሬ ሐኪም" ብሎ ስም አወጣላት። ዘይና አልተቀየመችም። ወሬው የእነሱ ነው፣ የእኔ ሥራ መስማት ነው እያለች ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን ረቢአ ልብስ እያጠበች ለመሆኑ ሰዎቹን ምን እንደምትላቸው ጠይቃት ነበር።

"ብዙም አልላቸውም" አለች ዘይና። "ሰው ሲጨንቀው ምክር አያጣም። 'ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ' ይሏታል፤ 'ከአንቺ የባሰ አለ' ይሏታል። ክፉ ቃል አይደለም፤ ግን አፏን ያዘጋታል። እኔ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ እጠብቃለሁ። ሰው ጭንቁን ከገዛ አፉ ሲሰማው መልኩ ይለወጥበታል። ያኔ መውጫውን አብረን እንፈልጋለን። የሰማሁትም ከእኔ አያልፍም።"

"ለዚህ ነው አራት ዓመት ያስተማርኩሽ? ዝም ለማለት?"

ዘይና ሳቀች። ረቢአ አልሳቀችም።

በዚያው ዓመት የረቢአ ባል ሰይድ ከሰንበቴ ከብት ጭኖ ሲመለስ የጭነት መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ የአንድ ልጃቸው የሰልማ ቀኝ እጅ ሰነፈ። መጀመሪያ እስክሪብቶ ይወድቅባት ጀመር፤ ቀጥሎ ማንኪያ፤ ቀጥሎ እጇ ጎኗ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እናቷ ታጎርሳት ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ደሴ ሄዱ፣ የራጅ ፎቶ ተነሣ፣ ደም ተቀዳ፤ አጥንቱም ጅማቱም ደህና ነው ተባለ። ሸኹም ቁርኣን ቀሩባት፣ ዱዓ የተደረገበት ውኃ ጠጣች። ደሴ ያለው ሐኪም ልጅቷ ያስጨነቃት ነገር አለና ከሥነ ልቦና አማካሪ ጋር ትነጋገር ሲል፣ ረቢአ አማካሪማ ቤታችን አለች ብላ ተመለሰች።

ዘይና እምቢ አለች። ለሥጋ ዘመድ አይሆንም፣ የሥራችን ደንብ አይፈቅድም፣ ሌላ ሰው ይያት አለች። ሌላ ሰው ግን በቅርብ አልነበረም፤ ሰልማም ከአክስቷ በቀር ለማንም አልናገርም አለች። በመጨረሻ ዘይና ተሸነፈች። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ከአስር ሰላት በኋላ በግቢው ጥግ ባለችው ክፍሏ በር ዘግተው አንድ ሰዓት ይቀመጡ ጀመር። ረቢአ በመስኮቱ ሥር ልብስ የምታጥብ መስላ ጆሮዋን ትጥል ነበር። የምትሰማው ዝምታ ነው። አንዳንዴ የሰልማ ለቅሶ፣ ከዚያ ደግሞ ዝምታ። ይህ ምን ዓይነት ሕክምና ነው እያለች ትብከነከን ነበር።

በስድስተኛው ሐሙስ ማግስት ሰልማ የሻይ ኩባያዋን በቀኝ እጇ አነሣች። በአምስተኛው ወር ፈተና ጻፈች።

ረቢአ ለአላህ ሰገደች፣ ሶደቃ አወጣች። ከዚያ ለእህቷ ዶሮ ሠርታ አቀረበችላትና በልታ ስትጨርስ ጠየቀቻት። ልጄ ምን ሆና ነበር? ምን ነገረችሽ?

"እሱን ከእኔ አትሰሚውም፣ እታለም" አለች ዘይና።

"ልጄ ናት። ማወቅ ሐቄ ነው።"

"ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ቢሆን አንድ ቀን አላድርም ነበር፤ እሱን መናገር ይፈቀድልኛል። አሁን ግን ደህና ናት። ለአንቺ ስል አንዱን ደንብ ጥሻለሁ። ሁለተኛውን አልጥስም።"

ረቢአ ያኔ የተናገረችው ብዙ ነው። ያጎረሰቻትን፣ ያለበሰቻትን፣ የሸጠችውን ቅቤ ቆጠረችባት። ደንብሽን ብዪው፣ ደንብሽን ልበሺው አለቻት። አራት ወር በአንድ ግቢ ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ አልተነጋገሩም። ሙስሊም ከሦስት ቀን በላይ አይኳረፍም፤ ረቢአ ይህን ታውቃለች፣ ሰው ስታስታርቅም ደጋግማ ተናግራዋለች። ዘይና ሁለት ጊዜ በሯን አንኳኩታ ነበር። ረቢአ አልከፈተችም።

ከትናንት በስቲያ ዘይና ሥራ ቦታዋ ራሴን አለች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ፤ ደሴ ሳትደርስ ነፍሷ ወጣች። ረቢአ ሰንበቴ ገበያ ነበረች። ስትደርስ አጥበው ከፍነዋት ነበር፤ እህቷን ያጠቧት የሰው እጆች ናቸው። አውፍ፣ ይቅር ሳይባባሉ፣ ውኃ እንኳ ሳታፈስላት አፈር ገባች። ታዲያ ይህ ማንን አያናድድም? ዘይና በአራት ወር ውስጥ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ምን ነበረበት?

የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ እንደተሰገደ ካሚል ወደ ውስጥ ዘለቀና ብቻዋን እንዲያነጋግራት ጠየቀ። ካሚል የእህል ወፍጮ ያለው፣ የሰፈሩ ቅሬ፣ የቀብር ዕድሩ፣ መሪ ነው፤ ድንኳኑን ያስተከለው፣ መቃብሩን ያስቆፈረው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት የእሱን ቃል የሚመልስ የለም። ከጓዳው በር አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

መጀመሪያ ስለ ሐዘኑ ተናገረ፣ ከዚያ ስለ ከተማው። ሟቿ ደብተር ትይዝ እንደነበር ሰው እንደሚያወራ፣ የስንቱ ገመና እዚህ ግቢ እንደተቀመጠ፣ ሽማግሌዎች ተረክበው ቢያቃጥሉት እንደሚሻል ነገራት። ረቢአ ነጋዴ ናት። ሰው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ሲያለዝብ ታውቃለች።

"ከመቃጠሉ በፊት የሚነበብ አለ ወይ፣ አያ ካሚል?"

ካሚል ግራ ቀኙን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አሻ እዚያ ስትመላለስ ከርማለች። ለእኔ ሳትነግረኝ። ሚስቴ ናት። ምን እንዳለች ማወቅ ሐቄ ነው።"

ረቢአ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። አንድ ሰው ሬሳ በወጣ ማግስት የሟች ሳጥን ሊበረብር መጣ። "እህቴ ገና አፈሯ አልደረቀም" አለችው፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እሷ ግን እዚያው በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሐቄ ነው። ዶሮውን አቅርባ የተናገረችው ቃል ነው፣ አንዲት ፊደል ሳይጎድል። እናት ስትለው የእናት አንጀት ነበር፤ ካሚል ሲለው ግን አስጠላት። ያስጠላት ነገር ምን እንደሆነ ልታስበው አልፈለገችም።

ምክንያቱም የዘይና ክፍልና ሳጥን ቁልፍ በጡት መያዣዋ ውስጥ ነበር።

ወንዶቹ ለአስር ሰላት ሲነሡ ሰው እንዳያያት ግድግዳ ግድግዳውን ሄዳ የዘይናን ክፍል ከፈተች። አልጋው ተነጥፏል። ሁለቱ የፕላስቲክ ወንበሮች እንደተፋጠጡ ናቸው። ሳጥኑን ከአልጋው ሥር ስባ ከፈተችው። ደብተሮቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥርና ቀን ብቻ። ረቢአ ቀኖቹን ማየት ጀመረች፤ ሐሙሶችን ፈለገች። ካሚልን አባርራ የካሚልን ሥራ ልትሠራ ነው።

በሩ ተከፈተ። ሰልማ ናት።

"የእኔን ነው የምትፈልጊው፣ እማ?"

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። ረቢአ ግን ያፈረች ጊዜ የምትናደድ ሰው ናት። ሦስት ቀን፣ አራት ወር፣ ከዓመት በላይ ያፈነችውን ሁሉ በልጅቷ ላይ አወረደችው። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩሽ እኔ፣ ያጎረስኩሽ እኔ፤ ለአክስትሽ የሚነገር ለእኔ የማይነገር ምን አለ? በአንቺ ምክንያት ከእህቴ ተቆራርጬ ሳልታረቃት ሞተችብኝ፤ እንግዳው ሁሉ አልቅሶላታል፣ እኔ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ አለቻት። ሰልማ በሩን ዘጋች። አልተቀመጠችም። በግድግዳው ተደግፋ እናቷ እስክትጨርስ ጠበቀች።

"ለአክስቴ የነገርኳት አባባ የደወለልኝን ነው" አለች።

ረቢአ አልገባትም።

"የሞተ ዕለት። ጠዋት ተጣልተን ነበር፤ ከጓደኞቼ ጋር ደሴ አትሄጂም ብሎኝ። ማታ ላይ ከመንገድ ደወለ። ሦስት ጊዜ። እኔ ተናድጄ፣ ሲጠራ እያየሁ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። በለቅሶው ሁለተኛ ቀን የመኪናው ረዳት መጣ። ትዝ ይልሻል? ሰይድ መኪናው እስኪገለበጥ ድረስ ስልክ ይደውል ነበር፣ የሚያነሣለት አጣ ብሎ ተናገረ።"

ትዝ ይላታል። ስልኩ ከመኪናው ጋር ተጨፍልቆ ስለነበር ማን ጋ እንደደወለ አልታወቀም። ረቢአ የሰንበቴውን የንግድ ሸሪኩን ጠርጥራ ነበር። ከዚያ ያደረገችውም ትዝ አላት፤ አሁን፣ በአንድ ጊዜ፣ ከእነ ድምፁ። ቤቱ በሴቶች ሞልቶ፣ መሐል ተንበርክካ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ነበር።

"'ያ አላህ፣ ሰይድ ሲደውል እያየ ያላነሣለት እጅ ይድረቅ' አልሽ" አለች ሰልማ። "ሴቶቹ ሁሉ 'አሚን' አሉ።"

ረቢአ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"እኔም አሚን ብያለሁ፣ እማ። ሁሉም ሲል እኔ ብቻ ዝም ብል ያውቁብኛል ብዬ።"

ውጭ ሰዎች ከሰላት እየተመለሱ ነበር፤ ድምፃቸው ይሰማል። ረቢአ ለምን አልነገርሽኝም ልትል ነበር። መልሱን ሳትጠይቅ አወቀችው። ለረገመ ሰው ማን ሄዶ ይነግራል?

"አክስቴ ጥፋተኛ አይደለሽም አላለችኝም" አለች ሰልማ። አሁን እያለቀሰች ነው። "እሱን ማንም ይለኛል። እሷ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ደጋግሜ እንድነግራት አደረገች። መጀመሪያ ደፋሁት የሚለው ጋ ስደርስ ትንፋሼ ይቆም ነበር፤ ቀስ በይ፣ ቁጭ ብያለሁ ትለኝ ነበር። አንድ ሐሙስ 'ብታነሺው ኖሮ ምን ትይው ነበር?' አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት። በማግስቱ ነው ኩባያውን ያነሣሁት።" አፍንጫዋን ጠረገች። "ለአንቺ እንድነግርሽም ጠይቃኝ ነበር። ፈራሁ። ስትዘጋጂ አብሬሽ እሆናለሁ አለችኝ። አብሬሽ እሆናለሁ ብላኝ ሞተች።"

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ንዴት የረቢአ ንዴት ነው፤ ያው ራሱ፣ ከእናት የተወረሰ። ረቢአ ልጇን እያየች አራቱን ወር አሰበች። ዘይና አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ቃሉ "የረገምሻት አንቺ ነሽ" የሚል ነበር። ስድቡን ተቀብላ፣ የተቆጠረባትን ቅቤ ተቀብላ፣ በሩን ሁለቴ አንኳኩታ ተመልሳ፣ አልተናገረችም። ንዴቱ አልጠፋላትም። የሚያርፍበት ሰው ግን አጣ፤ ዞሮ ዞሮ ራሷ ላይ ተቀመጠ።

ደብተሩን ዘጋች።

በሦስተኛው ቀን ሶደቃ ወጣ። በሬ ታረደ፣ ሸኹና ተማሪዎቻቸው ደረሳዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ቁርኣን ቀሩ፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። ጠዋት ሙኒር የሚባል የዘይና የጤና ጣቢያ ባልደረባ መጥቶ የሟቿን የሥራ ሰነድ ሲጠይቅ ረቢአ ሳጥኑን እንደተቆለፈ ከነቁልፉ አስረከበችው። ካሚል ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ሆኖ አያት፤ ተነሥቶም መጣ። ይህ የቅሬው ጉዳይ ነው አለ።

"ሚስትዎን ይጠይቋት፣ አያ ካሚል" አለችው። "ሲጠይቋት ግን ተቀምጠው ይጠይቋት። ከተናገረችም ሳትጨርስ አይነሡ።"

ሰው ሰምቷል። ካሚል ፊቱ ጠቆረ። ቅሬው ነገ ምን እንደሚላት ረቢአ ታውቃለች፤ ደንታም አልሰጣት።

የሸኹ ዱዓ ከውጭ አልቆ ሴቶቹ ሊነሡ ሲሉ ረቢአ መሐል ቤት ተንበረከከች። ቆዩልኝ አለቻቸው፤ አንድ ዱዓ አለኝ፣ አሚን በሉልኝ። ሴቶቹ ተመልሰው ተቀመጡ። ሰልማ ከኋላዋ፣ ከግድግዳው ሥር ነበረች።

"ሰይድ የሞተ ሰሞን ከዚህ ቤት፣ ከእኔ አፍ የወጣ እርግማን አለ" አለች። "አሚን ካላችሁት ብዙዎቻችሁ እዚህ አላችሁ። ያ አላህ፣ ያን ቃል ከሰማይ መልሰው።"

ቤቱ ተንሾካሾከ። ረስተውት ነበር፤ እርግማን የሚያስታውሰው የተረገመ ብቻ ነው። ዑሙልኸይር ጆሯቸውን አዘንብለው ጎንበስ አሉ።

"በማን ላይ ነበር፣ ኢንተላ ኮ?"

ሰው ሁሉ ረቢአን ያያል። የከሚሴ ገበያ ምላሷን የሚፈራት ረቢአ፣ የሆዷን አንድ ቀን አሳድራ የማታውቀው ረቢአ፣ ዓይኗን መሬት ተከለች።

"አሚን በሉልኝ፣ እማ" አለቻቸው።

ዑሙልኸይር ትንሽ አዩዋት፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "አሚን" አሉ። ሴቶቹም "አሚን" አሉ፤ ለማን እንደሆነ ሳያውቁ፣ አንዷም ሳትቀር። ከግድግዳው ሥርም አንድ ቀጭን አሚን ዘግይታ ወጣች።

"እህቴም" አለች ረቢአ፣ "ዘይናም አውፍ..." እዚህ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ ያላት እንባ መጣ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ሴቶቹ ጨረሱላት።

ዱዓ ሲያልቅ ሁሉም እንደ ልማዱ መዳፉን ወደ ገዛ ፊቱ መለሰ። ረቢአ መለስ ብላ፣ እርጥብ መዳፎቿን በልጇ ፊት ላይ፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ ቀስ አድርጋ አወረደቻቸው።